የምሥራቁ የወተት እባብና ያልተለመዱ ቀለሞቹ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖረው የወተት እባብ መርዝ የሌለው፣ ሰውንም ሆነ ከብትን የማይጎዳ፣ ይልቁንም አይጦችን በማጥፋት ለገበሬው ጥቅም የሚሰጥ እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ በመልኩ ምክንያት ከመርዘኛ እባቦች ጋር እየተሳሳተ በሰዎች እጅ መገደሉ የተለመደ ነው። የእባቡ ቀለም እንደ ዕድሜውና እንደሚኖርበት አካባቢ የሚለያይ መሆኑ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። አልፎ አልፎ ጥቁር ቀለም ፈጽሞ የሌለው፣ ቀይ የጎደለው ወይም የቆዳው ጥለት የተዛባ የወተት እባብ ሲገኝ አንዳንዱ ሰው አዲስ ዝርያ፣ ሌላው ደግሞ ከመርዘኛ እባብ የተዳቀለ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች የሚያሳዩት ከዚህ የተለየ ነው። ያልተለመዱት ቀለሞች በአብዛኛው በአንድ ዘረ መል ላይ ከሚደርስ ለውጥ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ የእባቡን ዝርያ አይለውጡም፤ መርዝ የሌለውንም መርዘኛ አያደርጉትም። ከዚህም የተነሳ አንድን እባብ በቀለሙ ብቻ አይቶ ማንነቱን መወሰን ለእባቡም ሆነ ለሰው አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

መገኛውና አኗኗሩ

የምሥራቁ የወተት እባብ በሳይንሳዊ ስሙ ላምፕሮፔልቲስ ትራያንጉለም ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክኛ የተገኘና «አንጸባራቂ ጋሻ» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቁ ቅርፊቶቹን ያመለክታል። ሁለተኛው ቃል ደግሞ ሦስት ማዕዘን ማለት ነው። እባቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላሴፔድ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1789 ነበር።

የእባቡ መገኛ በሰሜን ምሥራቅ ከአሜሪካዋ የሜን ግዛትና ከካናዳዎቹ ኦንታሪዮና ኩቤክ ደቡባዊ ክፍሎች ይጀምራል። በምዕራብ በኩል እስከ ሚኒሶታ ይደርሳል። በደቡብ በኩል ደግሞ የአፓላችያን ተራሮችን ተከትሎ እስከ ሰሜን ጆርጂያና አላባማ ይዘልቃል። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ግዛቶች እንዲሁም የቶሮንቶ ከተማ አካባቢ በዚሁ ክልል ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ይህ እባብ በደን ዳርቻ፣ በእርሻ ማሳ፣ በድንጋያማ ኮረብታና በአሮጌ ሕንጻዎች አካባቢ መኖርን ይመርጣል። ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በድንጋይ፣ በወደቀ ግንድ፣ በጣውላ ወይም በተጣለ ቆርቆሮ ሥር ተደብቆ ሲሆን፣ ለአደን የሚወጣው በተለይ በሞቃት ወራት ሌሊት ነው። በብርዱ ወራት ከመሬት በታች ባሉ ጉድጓዶች፣ በድንጋይ ስንጥቆችና በአሮጌ ቤቶች የመሠረት ግንብ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። ድብቅ በመሆኑም በአካባቢው በብዛት እየኖረ እንኳ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

ለአካለ መጠን የደረሰ የወተት እባብ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እስካሁን ከተመዘገቡት ረጅሙ 132 ሴንቲ ሜትር ነበር። እንስቷ በበጋው መጀመሪያ በበሰበሰ ግንድ፣ በቅጠል ክምር ወይም በለሰለሰ አፈር ውስጥ አሥር ገደማ ዕንቁላሎችን የምትጥል ሲሆን፣ ጫጩቶቹ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ። ዋነኛ ምግቡ አይጥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ወፎችን፣ ዕንቁላልን፣ እንሽላሊቶችንና ሌሎች እባቦችን ይመገባል። የሚይዘውን እንስሳ የሚገድለው በመርዝ ሳይሆን በሰውነቱ ጠምጥሞ በመጭመቅ ነው።

የስያሜው አመጣጥ

እባቡ «የወተት እባብ» የሚለውን ስም ያገኘው በጥንት ዘመን በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ ከነበረ እምነት ነው። ገበሬዎቹ ይህን እባብ በከብት በረትና በድርቆሽ ማከማቻ ውስጥ ደጋግመው ያዩት ስለነበር፣ የላሞች ወተት በቀነሰ ቁጥር ሌሊት እየገባ ጡት ይጠባል ብለው ያምኑ ነበር።

እምነቱ መሠረት የሌለው መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። የእባቡ አፍ ወደ ኋላ በታጠፉ ስለታም ጥርሶች የተሞላ በመሆኑ የትኛዋም ላም ጡቷን በዚህ ዓይነት አፍ ስትነከስ ዝም ብላ አትቆምም። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን እባብ ሆድ ሊይዘው የሚችለው ወተትም የላሟን ምርት ለመቀነስ የሚበቃ አይደለም። እባቡን ወደ በረት የሚስበው በእህሉና በድርቆሹ ውስጥ የሚራባው አይጥ ነው። ስለሆነም ገበሬው ጠላቴ ነው ብሎ የሚገድለው እባብ የእህሉ ጠባቂ ነበር ማለት ነው።

የተለመደው መልኩ

የምሥራቁ የወተት እባብ የገላ ቀለም ግራጫ፣ አመድማ ወይም ቡላ ነው። በጀርባው ላይ ከአንገት እስከ ጅራት የተደረደሩ፣ ዳርቻቸው በጥቁር መስመር የተከበበ ትልልቅ ቡናማ ወይም ቀይ ዳማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። በሁለቱ ጎኖቹ ደግሞ አነስ ያሉ ነጠብጣቦች ከትልልቆቹ ጋር እየተፈራረቁ ይገኛሉ። ሆዱ እንደ ዳማ መጫወቻ ሰሌዳ በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘኖች የተሸለመ ነው። ከራሱ ጀርባ አንገቱ ላይ የላቲኑን «ቪ» ወይም «ዋይ» ፊደል የሚመስል ገጣጣ ምልክት አለው።

ከዚህ የተለመደ መልክ የሚወጣ ሁሉ ግን ያልተለመደ ቀለም ነው ማለት አይደለም። ሰዎች እንደ ልዩ ክስተት ከሚቆጥሯቸው መካከል ተራ የሆኑ፣ ከጊዜ ጋር የሚመጡና የሚያልፉ ለውጦች ይገኙበታል።

የመጀመሪያው የዕድሜ ለውጥ ነው። አዲስ የተፈለፈለ የወተት እባብ ነጠብጣቦቹ ደማቅ ቀይ፣ በመካከላቸው ያለው ገላም ወደ ነጭ የቀረበ ግራጫ ነው። እባቡ እያደገ ሲሄድ ቀዩ ወደ ቡናማ ይደበዝዛል። በዚህም ምክንያት እናትና ጫጩት ጎን ለጎን ቢቀመጡ የተለያዩ ዝርያዎች ሊመስሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው የቆዳ መቀየር ነው። እባብ አሮጌ ቆዳውን ሊገፍ ሲቃረብ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚፈጠር ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ዓይኖቹም ሰማያዊ ጉም የለበሱ ይመስላሉ። ቆዳውን ከገፈፈ በኋላ ግን ከቀድሞው ይበልጥ ደምቆ ይታያል።

ሦስተኛው በሽታ ነው። በአሜሪካ በተለያዩ የእባብ ዝርያዎች ላይ የሚታየው የእባብ ፈንገስ በሽታ የወተት እባብንም ይይዛል። በሽታው ቅርፊቶችን በማወፈር፣ በማስፈንደድና ቀለማቸውን ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ በመለወጥ የሚታወቅ ሲሆን፣ ፊትን ሊያሳብጥ፣ ዓይንንም ሊያደበዝዝ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ለውጥ በሰውነቱ ላይ ያለ ሥርዓት ተበታትኖ የሚታይ በመሆኑ ከተፈጥሮ ቀለም ጋር ሊምታታ አይገባም።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በሙዚየሞች በአልኮል ውስጥ ተጠብቀው የሚገኙ እባቦችም በቀለም ረገድ ሙሉ መረጃ አይሰጡም። ቀይና ቢጫ ቀለሞች በአልኮል ውስጥ እየሟሙ ሲጠፉ ጥቁሩ ግን ይቀራል። በመሆኑም ያልተለመደ ቀለም ያለው እባብ በሕይወት ሳለ ካልተመዘገበ ወይም ፎቶግራፍ ካልተነሳ ልዩ የሆነው ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላይታወቅ ይችላል።

ቀለም እንዴት ይፈጠራል?

የእባብን ቀለም የሚፈጥሩት በቆዳው ውስጥ የሚገኙ ልዩ ልዩ ቀለም ተሸካሚ ሕዋሳት ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሜላኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዙት ሕዋሳት ጥቁርና ቡናማ ቀለምን ይሰጣሉ። ሌሎቹ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለሞችን ይይዛሉ። ሦስተኛዎቹ የራሳቸው ቀለም የሌላቸው ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አማካይነት ብርሃንን በማንጸባረቅ ነጣ ያለ ወይም የሚያብረቀርቅ መልክ ይፈጥራሉ።

የምሥራቁ የወተት እባብ የተለመደ መልክ የእነዚህ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ውጤት ነው። ዳማ ቀለም የሚገኘው ቀዩና ጥቁሩ ሲደራረቡ ነው። የነጠብጣቡ ዳርቻ የሚጠቁረው ሜላኒን በዚያ መስመር ላይ በብዛት ስለሚከማች ነው። ከእነዚህ ቀለሞች አንዱ ሲጎድል፣ ሲያንስ ወይም ሲበዛ የቀሩት ብቻቸውን ስለሚታዩ የእባቡ መልክ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ያልተለመዱት ቀለሞች ሁሉ ምሥጢር በዚህ ይጠቃለላል።

ያልተለመዱት ቀለሞች

በስፋት የሚታወቀው ሜላኒን የሚጎድልበት ክስተት ሲሆን፣ በተለምዶ አልቢኖ ይባላል። የዚህ ዓይነቱ የወተት እባብ ነጠብጣቦች ጥቁር ዳርቻቸውን አጥተው ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሆነው ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው ገላ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን፣ የሆዱም ጥቁር አራት ማዕዘኖች ይጠፋሉ። ዓይኖቹ ከውስጥ ያለው የደም ሥር ስለሚታይ ቀይ ወይም ሮዝ ይመስላሉ። ቀዩና ቢጫው ቀለም ባለበት የሚቀር በመሆኑ እባቡ አልቢኖ ቢባልም ሙሉ በሙሉ ነጭ አይሆንም።

ሜላኒን ፈጽሞ ሳይጠፋ መጠኑ ብቻ የሚቀንስበት ሁኔታም አለ። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ መስመር ይሳሳል ወይም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ዳማው ቀለም ወደ ቀይ ያደላል፤ ዓይኑ ግን እንደ ወትሮው ጥቁር ሆኖ ይቆያል። እንዲህ ያለው እባብ በጎልማሳነቱም የጫጩትነት መልኩን የያዘ ይመስላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ቀይ ቀለም የሚጎድልበት ክስተት ነው። ቀዩ ሲጠፋ የሚቀሩት ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ብቻ በመሆናቸው እባቡ በጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሳ ፎቶግራፍ ይመስላል። በአንጻሩ ቀዩ ከመጠን በላይ በዝቶ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን ገላ ሁሉ የሚያለብስበት አጋጣሚም አለ።

ሜላኒን ከልክ በላይ ሲበዛ እባቡ ይጠቁራል፤ ነጠብጣቦቹም በጥቁረቱ ውስጥ ይዋጣሉ። በመካከለኛው አሜሪካ በኮስታሪካና በፓናማ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖር አንድ የወተት እባብ ዘመድ ሲወለድ ቀይ፣ ጥቁርና ነጣ ያሉ ቀለበቶች ያሉት ሲሆን፣ እያደገ ሲመጣ ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። በኮስታሪካ ተራሮች የተለመደ የሆነው ይህ መልክ በምሥራቅ አሜሪካ ቢገኝ እጅግ ያልተለመደ ተብሎ ይመዘገባል።

ቀለሙ ሳይለወጥ ጥለቱ የሚዛባበት ሁኔታም አለ። ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ ተያይዘው በጀርባ ላይ እንደ ረጅም መስመር ይዘረጋሉ፤ ወይም ዝግዛግ ይሠራሉ፤ ወይም በአንድ በኩል ብቻ ይቋረጣሉ። በእባቦች ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች እንዳሳዩት ዕንቁላሉ ወይም ጽንሱ ያደገበት ሙቀት ከተለመደው ሲለይ ጥለቱ ሊዛባ ይችላል። እንዲህ ያለው ለውጥ በእድገት ጊዜ የመጣ እንጂ በዘር የተገኘ ስላልሆነ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም።

ዘረ መሉ ምን ይላል?

አብዛኞቹ የቀለም ጉድለቶች በዘር የሚወረሱት በድብቅ ባሕርይ መልክ ነው። ይህም ማለት አንድ እባብ ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከአንድ ወላጁ ብቻ ቢወርስ መልኩ እንደ ማንኛውም የወተት እባብ ይሆናል። ያልተለመደው ቀለም የሚታየው ዘረ መሉ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ሁለት ተሸካሚ እባቦች ቢገናኙ ከልጆቻቸው በአማካይ ከአራት አንዱ ያልተለመደውን ቀለም ይዞ ይወለዳል። ለምሳሌ ከ12 ዕንቁላሎች ሦስት ያህሉ ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። አንድ አልቢኖ ጫጩት በዱር ተገኘ ማለትም ተራ መልክ ያላቸው ተሸካሚዎች በዚያው አካባቢ አሉ ማለት ነው።

የዚህን አሠራር ዝርዝር ለመረዳት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረገው የወተት እባብ የቅርብ ዘመድ በሆነው የበቆሎ እባብ ላይ የተካሄደ ምርምር ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በበቆሎ እባብ ላይ የሜላኒን መጥፋት የሚከሰተው «ኦ ሲ ኤ 2» በተባለው ዘረ መል ውስጥ ተንቀሳቃሽ የሆነ የዘረ መል ቁራጭ በመግባቱ ምክንያት መሆኑን አመልክቷል። ይኸው ዘረ መል በሰው ልጆች ላይም አልቢኒዝምን ከሚያስከትሉት አንዱ ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በብዛት የሚታየው የአልቢኒዝም ዓይነት ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የቀጠለው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2020 የሦስቱንም ዓይነት ቀለም ተሸካሚ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ የሚነካ ሌላ የዘረ መል ለውጥ ለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ነጠብጣብን ወደ መስመር የሚለውጠው ክስተት «ፒ ሜል» ከተባለው ዘረ መል ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። እነዚህ ግኝቶች የበቆሎ እባብን የሚመለከቱ ቢሆኑም፣ ቀለምና ጥለት በአንድ ዘረ መል ለውጥ ብቻ ምን ያህል ሊለወጡ እንደሚችሉ በግልጽ ያሳያሉ።

የአካባቢ ልዩነትና የዝርያ ክርክር

ከግለሰብ እባብ ልዩነት ሌላ መላውን አካባቢ የሚያጠቃልል የቀለም ልዩነትም አለ። ከደቡብ ኒው ጀርሲ እስከ ቨርጂኒያ ባለው የባሕር ዳርቻ ሜዳ የሚገኙ የወተት እባቦች ነጠብጣባቸው ሰፊና ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ በብዙዎቹ አንገት ላይ ከምልክት ይልቅ ሙሉ ቀለበት ይታያል። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብም ቀይ የወተት እባብ ተብሎ ከሚታወቀው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ስላለ በሁለቱ መካከል የሚገኝ መልክ ያላቸው እባቦች ይታያሉ።

ይህ ዓይነቱ ልዩነት ሊቃውንቱን ሲያከራክር ቆይቷል። ኬኔት ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙትና በ1988 ባደሱት ሰፊ ጥናት ከካናዳ እስከ ደቡብ አሜሪካ ያሉትን የወተት እባቦች በአንድ ዝርያ ሥር በ25 ንዑሳን ዝርያዎች ከፋፍለዋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሣራ ሩዋንና ባልደረቦቻቸው በዘረ መል ላይ ተመሥርተው ባቀረቡት ጥናት ደግሞ እነዚህ ሰባት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት በበኩሉ የተጠቀሙበት ዘዴ ዝርያዎችን ከሚገባው በላይ የሚከፋፍል ነው ሲል ተችቷል። በቀለም ልዩነት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዝርያን መወሰን እንደማያስተማምን ግን ከክርክሩ መረዳት ይቻላል።

ቀለምና በሕይወት መቆየት

ያልተለመደ ቀለም ያላቸው እባቦች በዱር እምብዛም የማይገኙበት ምክንያት በአብዛኛው ከጠላት ጋር የተያያዘ ነው። የወተት እባብ ነጠብጣብ በደረቀ ቅጠል ላይ ሲተኛ ከአካባቢው ጋር እንዲመሳሰል ይረዳዋል። ነጣ ያለና ብርቱካንማ የሆነ ጫጩት ግን ለጭልፊት፣ ለቀበሮና ለሌሎች አዳኞች በቀላሉ ይታያል። ይህ እባብ አብዛኛውን ጊዜውን ተደብቆና በሌሊት የሚያሳልፍ መሆኑ ከጉዳቱ በከፊል ሊያድነው ይችላል።

በዚሁ አካባቢ በሚኖሩ ሌሎች እባቦች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ተፈጥሮ ቀለምን እንዴት እንደምትመርጥ ያሳያሉ። በአሜሪካና በካናዳ መካከል በሚገኘው የኢሪ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት የውኃ እባቦች ብዙዎቹ ጥለት የሌላቸው ግራጫ ሲሆኑ፣ በየብሱ ያሉት ዘመዶቻቸው ግን መቀነት መሰል ጥለት አላቸው። ጆሴፍ ካሚንና ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረቡት ጥናት በደሴቶቹ ነጫጭ ድንጋዮች ላይ ጥለት ያላቸው ጫጩቶች በአዳኞች ይበልጥ እንደሚለቀሙ አስረድተዋል። በሐይቁ ዳርቻ በሚኖሩ ሌሎች እባቦች መካከል ደግሞ ጥቁር የሆኑት በብዛት የሚገኙ ሲሆን፣ ጥቁረት በቀዝቃዛ አካባቢ የፀሐይን ሙቀት ለመሰብሰብ እንደሚረዳቸው ተጠቁሟል።

በደቡባዊ ግዛቶች የሚገኘው የወተት እባብ ዘመድ ደግሞ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበቶች ያሉት በመሆኑ መርዘኛውን ኮራል እባብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ዴቪድ ፌኒግና ባልደረቦቻቸው ከሸክላ መሰል ነገር የተሠሩ ሐሰተኛ እባቦችን በማስቀመጥ ባደረጉት ሙከራ፣ አዳኞች ቀለበት ያላቸውን የሚሸሹት ኮራል እባብ በሚኖርበት አካባቢ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ኮራል እባብ ወደማይኖርበት ሰሜን ሲኬድ የወተት እባብ በቀለበት ፈንታ ነጠብጣብ፣ በደማቅ ቀይ ፈንታ ዳማ ቀለም ይዞ የሚገኘውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

የመለያ ስህተትና ውጤቱ

የወተት እባብን ለሞት ከሚዳርጉት ዋነኛ ስህተቶች አንዱ ኮፐርሄድ ከተባለው መርዘኛ እባብ ጋር መምታታቱ ነው። ሁለቱም ቡናማና ዳማ ጥለት አላቸው። በተጨማሪም የወተት እባብ ሲደነግጥ ጅራቱን በደረቅ ቅጠል ላይ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ድምፁ ጅራቱን በማንሿሿት የሚታወቀውን ራትል ስኔክ የተባለ መርዘኛ እባብ ያስመስለዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የፈራ ሰው ልዩነቱን ለማጣራት ጊዜ አይኖረውም።

ባለሙያዎች የሚጠቅሷቸው ልዩነቶች ግን ግልጽ ናቸው። የኮፐርሄድ ጥለት በጀርባው ላይ ጠባብ ሆኖ ወደ ጎን ሲወርድ ይሰፋል፤ የወተት እባብ ነጠብጣብ ደግሞ በጀርባው ላይ ሰፊ ሲሆን በጥቁር መስመር የተከበበ ነው። የኮፐርሄድ ራስ ሰፊና ከአንገቱ የተለየ ሲሆን፣ የወተት እባብ ራስ ከአንገቱ እምብዛም አይለይም። የኮፐርሄድ የዓይን ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ፣ የወተት እባብ ግን ክብ ነው። የኮፐርሄድ ቅርፊት በመካከሉ ጎልቶ የሚታይ መስመር ሲኖረው፣ የወተት እባብ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው። ቀለሙ የቱንም ያህል ቢለወጥ የራስ ቅርጽ፣ የዓይን ብሌንና ቅርፊት አይለወጡም።

አንዳንዶች እንደሚገምቱት ሁለቱ እባቦች ሊዳቀሉ አይችሉም። ኮፐርሄድ የእፉኝት ቤተሰብ ሲሆን፣ የወተት እባብ ከእርሱ እጅግ በራቀ ሌላ ቤተሰብ ይመደባል። ስለሆነም ያልተለመደ ቀለም የመዳቀል ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

መገኛቸውን ማወቅም ይረዳል። ኮፐርሄድ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖር ሲሆን፣ በካናዳ፣ በሜን፣ በቬርሞንትና በሚኒሶታ ግን አይገኝም። በእነዚህ ቦታዎች ነጠብጣብ ያለው እባብ አይቶ ኮፐርሄድ ነው ብሎ መግደል በሌለ ጠላት ላይ መዝመት ነው።

ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ሊፈጸም ይችላል። በደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ኮራል እባብን ከማይጎዱት ለመለየት በቀለበቶቹ የቀለም ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ አባባል ይጠቀማሉ። ይሁንና ኮራል እባቦችም አልፎ አልፎ አልቢኖ ወይም ጥቁር ሆነው ስለሚገኙ አባባሉ በእነዚህ ላይ አይሠራም። በቀለም ብቻ ተማምኖ እባብን በእጁ የሚያነሳ ሰው ለሕይወቱ አደገኛ የሆነ ስህተት ሊፈጽም ይችላል።

ጥበቃው

የምሥራቁ የወተት እባብ በአጠቃላይ ሲታይ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ውስጥ አይመደብም። በካናዳ ግን የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሁኔታ ገምጋሚ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2002 ልዩ ትኩረት የሚሻ ዝርያ መሆኑን አስታውቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸንኑ አጽንቷል። የመንገድ መስፋፋት፣ የመኖሪያ ቦታው መጥበብና ሰዎች የሚያደርሱበት ግድያ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ያልተለመዱ ቀለሞች ሌላም ፈተና ያመጣሉ። በእባብ አርቢዎች ዘንድ አልቢኖና ሌሎች ብርቅ ቀለም ያላቸው እባቦች ተፈላጊ በመሆናቸው በዱር የተገኘውን ለመያዝ የሚያጓጓ ሁኔታ ይፈጠራል። የዱር እባብን መያዝን የሚመለከተው ሕግ ከግዛት ግዛት የሚለያይ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚጠይቁና ጨርሶ የሚከለክሉ አካባቢዎች አሉ። ድንጋይና ግንድ እየፈነቀሉ ፍለጋ ማካሄድም በሥሩ የሚኖሩትን ሌሎች እንስሳት መጠለያ ያሳጣል።

በመሆኑም ያልተለመደ ቀለም ያለው እባብ ያየ ሰው በመጀመሪያ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ መቆም፣ እባቡን ለመንካትም ሆነ ለመምታት አለመሞከር፣ የሚቻል ከሆነ ጀርባውና ራሱ የሚታይበት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ቀኑንና ቦታውን መመዝገብ እንዲሁም ለአካባቢው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ወይም ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ማሳወቅ ይኖርበታል። እባቡ ወደ ቤት ከገባም በአብዛኛው የሳበው አይጥ በመሆኑ አይጡን ማጥፋትና የግድግዳ ስንጥቆችን መድፈን ዘላቂ መፍትሔ ነው። በእባብ የተነደፈ ሰው ግን የእባቡ ቀለም ምንም ዓይነት ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባዋል።

የምሥራቁ የወተት እባብ ቀድሞ ወተት ይሰርቃል በሚል፣ በኋላም መርዘኛ ይመስላል በሚል ሲገደል ቆይቷል። ሁለቱም ክሶች በጥናት ውድቅ ሆነዋል። በጥበቃ ሥር በእንክብካቤ ሲያዝ ከ20 ዓመት በላይ መኖር የሚችለው ይህ እባብ በዱር የሚኖረውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከአዳኞቹና ከመኖሪያው ሁኔታ ባሻገር የሚያገኘው ሰው ስለ ቀለሙ ያለው ዕውቀት ነው።